ያልመጣችውን እናት መቁጠር
የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት ከጎንደር እስከ ሆሳዕናና ዱራሜ

የጤና ተማሪዎች ከሆሳዕና ወጥተው ቤት ለቤት መጠየቅ በሚጀምሩበት ሰሞን በሀዲያና በከምባታ ግቢዎች ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ተማሪዋ መጠይቋን በክላሰር ይዛ ትገባለች። እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። የቤቱ እመቤት እንግዳ አክብራ በርጩማ ታቀርባለች፤ አማቷ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ያዳምጣሉ። ስለ ልጆች ቁጥር፣ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት የሚጠየቀው ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። «የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀማሉ?» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ሴትየዋ አንዴ ወደ ምድጃው ታያለች፤ ከዚያ «አልጠቀምም» ትላለች። ተማሪዋም «አይ» ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ልትወጣ ስትል ሴትየዋ እስከ አጥሩ ትሸኛታለች። እንሰቱ ሲጋርዳቸው እጅጌዋን ሰብስባ የክንዷን ውስጥ ታሳያታለች። ከቆዳው ሥር የክብሪት እንጨት የምታክል ነገር በጣት ትዳሰሳለች። የሦስት ዓመቱ መከላከያ ነው።

በወረቀቱ ላይ ያለው «አይ» እና በክንዱ ውስጥ ያለው «አዎ» መካከል ያለው ርቀት፣ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ሲነሣ ሲወድቅ የኖረ ጥያቄ ነው። ሥነ ተዋልዶ ጤናን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማን ይማረው? ምን ያህል ይማረው? ተምሮስ ምን ያድርግበት?

ዲግሪው ከየት መጣ?

የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት በአገራችን የሚጀምረው ከጎንደር ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድ ግቢ ያሠለጥን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ እና የአካባቢ ጤና ባለሙያ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር፣ በሽተኛ እስኪመጣ የሚጠብቅ ብቻ ሳይሆን በሽታው ወዳለበት የሚሄድ ቡድን ያስፈልጋል። ጅማም በኋላ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ፣ ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ወደ ኅብረተሰቡ የሚያወጣ ትምህርት አቆመ። ዛሬ የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ጤና ተማሪ «ቲቲፒ» እያለ የሚጠራው፣ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ሆነው የሚሠሩበት የቡድን ልምምድ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ሆሳዕና ወደዚህ ታሪክ የገባችው ዘግይታ ነው። ከሦስተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ዋቸሞ፣ የከተማዋን የጥንት ስም ይዞ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ ዱራሜም ካምፓስ አለው። ተማሪዎቹ ሕክምናውን የሚለማመዱበት ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ ስም ይጠራል። እሌኒ ከሀዲያ ወጥተው የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት፣ ኋላም የአገር አስተዳዳሪ የሆኑ ሴት ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለሆነች፣ እዚህ የሚሠለጥነው ባለሙያ ነገ የክልሉን ጤና ቢሮ ወንበር የሚይዘው ነው።

ቃሉስ?

«ሥነ ተዋልዶ ጤና» የሚለው አነጋገር ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ነገሩ «የእናቶችና ሕፃናት ጤና» ወይም «የቤተሰብ ምጣኔ» ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ስለ ወሊድ መከላከያ በአደባባይ ማስተዋወቅ በሕግ የተገደበ ነበር። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ በሩን ከፈተ። 1986 ዓ.ም. ተሸኝቶ 1987 ሲብት ደግሞ ካይሮ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት አንድ ትልቅ ነገር ተስማሙ፤ ጉዳዩ የሕዝብን ቁጥር መቀነስ መሆኑ ቀርቶ፣ መቼና ስንት ልጅ እንደምትወልድ የመወሰን መብት የሴቲቱና የባልዋ እንዲሆን።

ከዚያ ወዲህ የሆነው በቁጥር ይታያል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡ ሴቶች መከላከያ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 36 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. 41 በመቶ ደረሱ። በመጀመሪያው ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 412። በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ5 በመቶ ተነሥተው በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 በመቶ ወጥተዋል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሁለት እየሆኑ ያሰማራቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ናቸው። የክንዱን መከላከያ ጤና ኬላ ላይ የሚያስገቡት እነርሱ ናቸው።

ታዲያ ዲግሪ የያዘው ሰው ምን ይጨምራል?

ተማሪው ምን ይማራል?

የኅብረተሰብ ጤና የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል። ሥነ ተዋልዶ ጤና በውስጡ ከብዙ ኮርሶች አንዱ ነው፤ ራሱን የቻለ ሙያ የሚሆነው በሁለተኛ ዲግሪ ነው። ተማሪው ከጎኑ የበሽታ ሥርጭት ጥናትን፣ ስታቲስቲክስን፣ የጤና ትምህርት አሰጣጥንና ሥነ ምግብን ይማራል፤ በማዋለጃ ክፍልም ተራ እየገባ ይለማመዳል።

ብዙ ወላጅ ይህን ትምህርት ከአዋላጅ ነርስነት ጋር ያምታታዋል። ልዩነቱን በአጭሩ ለመናገር፣ አዋላጇ ፊቷ ያለችውን እናት ታድናለች፤ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ደግሞ ያልመጣችውን እናት ይቆጥራል። በዚህ ወር በጤና ጣቢያው ክልል ስንት ነፍሰ ጡር መኖር አለባት? ስንቷ ለቅድመ ወሊድ ክትትል መጣች? የቀሩት የት ናቸው? ከየትኛው ጎጥ? ለምን?

ለዚህ «ለምን» ክፍል ውስጥ የሚሰጠው መልስ ሦስቱ መዘግየቶች ይባላል። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ለመወሰን የሚባክነው ጊዜ ነው፤ ባል እስኪመለስ፣ አማት እስኪፈቅዱ፣ ገንዘብ እስኪገኝ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ያልቃል። ከሐምበሪቾ ተዳፋት በክረምት ጭቃ ቃሬዛ ተሸክሞ የወረደ ሰው ይህን መዘግየት ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ሦስተኛው ተቋሙ ደርሰው ደም ወይም ባለሙያ የሚጠበቅበት ነው። የመውለጃ ቀናቸው የቀረበ ሴቶች ጤና ጣቢያ አጠገብ ገንፎ እየበሉ የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ ሁለተኛውን ያሳጥራል። ሦስተኛውን ለማሳጠር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ማዋለድ እየተማሩ ሐኪም በማይደርስባቸው ሆስፒታሎች እናቶችን በቀዶ ያዋልዳሉ። የመጀመሪያው መዘግየት ግን በመንገድም በመሣሪያም አይፈታም። በንግግር ብቻ ይፈታል።

ዱራሜ ቀድማ ያስተማረችው

በንግግር መፍታት ምን እንደሚመስል ለማወቅ የዚህ አካባቢ ተማሪ ሩቅ መሄድ የለበትም። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከምባታ ውስጥ ዛቶ በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ተገረዙ፤ አንዲት እህታቸውን በወሊድ አጡ። ውኃ ልቀዳ እያሉ ተደብቀው የተማሩት ልጅ እስከ እየሩሳሌም፣ ከዚያም እስከ አሜሪካ ዘለቁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመልሰው ከሌላዋ እህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር «የከምባታ ሴቶች በአንድነት ቆሙ» የሚል ትርጉም ያለውን ኬኤምጂን ዱራሜ ላይ መሠረቱ።

የመጀመሪያ ሥራቸው ስለ ግርዛት ማስተማር አልነበረም። ሕዝቡ ምን እንደሚቸግረው ጠየቁ፤ ሕዝቡም ድልድይ አለ። ልጆች ትምህርት ቤት፣ እናቶች ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ወጣቱ፣ ገራዧ ሳትቀር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር እየተቀመጡ በየጊዜው የሚወያዩበት የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ። እድሮች ግርዛትን የሚከለክል ውሳኔ በመተዳደሪያቸው አሰፈሩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዲት ሙሽራ እንዳልተገረዘች፣ ሙሽራውም በዚህ ደስ እንደሚለው በጽሑፍ አንግበው በአደባባይ ተጋቡ። ይህ ሰርግ ከመቶ ስብከት በላይ ሠርቷል፤ «ያልተገረዘች ባል አታገኝም» የሚለው ፍርሃት በብዙ እንግዶች ፊት መልስ አገኘ። ኬኤምጂ ከተመሠረተ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ዩኒሴፍ የለውጡን መንገድ ሲያጠና፣ ከተጠየቁት ሰዎች እጅግ የሚበዙት ድርጊቱ መቅረት አለበት ብለው ነበር። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዌን የልማት ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፉ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው የትምህርት ዘዴ ነው። መጀመሪያ መስማት፣ ቀጥሎ መተማመን፣ መጨረሻ ላይ መናገር።

ምላጩ ወደ ጋዋን ሲገባ

በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 1 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አድርጎታል። በአገር ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት በ1992 ዓ.ም. 80 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 65 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል 47 በመቶ ናቸው። መንገዱ ወደ ታች ነው።

ነገር ግን በሀዲያ ዞን በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሥራ፣ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ተገርዘው እንደነበር አሳየ። ከሁሉ የሚያመው ደግሞ ከፈጸሙት መካከል ጤና ባለሙያዎች ትልቅ ድርሻ ያላቸው መሆኑ ነው። ስለ ደም መፍሰስና ስለ ኢንፌክሽን የተማረው ቤተሰብ ምላጩን ትቶ ጓንት ያጠለቀ ሰው ፈለገ ማለት ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2009 ዓ.ም. ጤና ባለሙያ በየትኛውም ተቋም ግርዛት እንዳይፈጽም የሚከለክል መመሪያ አወጣ።

እዚህ ላይ የዲግሪው ጥያቄ አንገብጋቢ ይሆናል። የሰውነት ክፍሎችን ብቻ ያስተማርነው ሰው ቢላዋውን ንጹሕ ያደርገዋል እንጂ አያስቀምጠውም። ቢላዋውን የሚያስቀምጠው፣ አክስቱ ሕፃኗን ይዛ በማታ ቤቱ ስትመጣ ምን ብሎ እንደሚመልሳት ቀድሞ የተለማመደ ነው።

ውርጃም እንዲሁ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ፅንስ በሕክምና የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ መደፈርን፣ በዘመድ መካከል የተፈጠረ እርግዝናን፣ የእናት ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቅን፣ ሴቲቱ ለአካለ መጠን ያልደረሰች መሆኗን ጭምር። አብዛኛው ሕዝብ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በሚውልበት በዚህ አካባቢ ተማሪው የራሱ እምነት አለው፤ ይህም መከበር አለበት። ሕጉን ማወቁ ግን ከእምነቱ ጋር አይጣላም። የተደፈረች የ15 ዓመት ልጅ ፊቱ ስትቀመጥ መብቷን ሳያጣምም ሊነግራትና ወደሚረዳት ሊልካት ይገባል። ዝም ቢላት የምትሄደው ጨለማ ወደሆነ ቦታ ነው።

የቋንቋ ነገር

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ተማሪው ከየክልሉ ተመድቦ ይመጣል። እናቲቱ የምትናገረው ሀዲይሳ ወይም ከምባትሳ ነው። ስለዚህ ስለ ማኅፀንና ስለ ፍትወት የሚጠየቀው ጥያቄ ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ፣ ብዙ ጊዜም በጎረቤት አስተርጓሚ አፍ ይደርሳል። ጎረቤት ፊት የሚነገረው ደግሞ ለጎረቤት የሚነገረው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የደቡብ አፍሪካው መንገድ ተጨምሯል። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወንዶች ወደዚያ ከሄዱ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባል የሌለባት ሚስት መርፌውን ወይም የክንዱን ስትጠቀም «ለማን ብላ?» ትባላለች፤ ስለዚህ ታቋርጣለች ወይም ትደብቃለች። ባሏ በድንገት ለአንድ ወር ሲመጣ አልተዘጋጀችም። ስለ ኤችአይቪ ምርመራ ለማንሣትም ቃል ያጥራታል። ይህ በሌላ አገር መጽሐፍ ላይ የማይገኝ፣ እዚሁ ሊጠናና እዚሁ ሊሰጥ የሚገባው ምዕራፍ ነው።

ምን ይደረግ?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ፈተናው ትርጉምንና ቁጥርን ይለካል፤ የክንዷን ምስጢር የሚያወጣ አጠያየቅን ግን በምርጫ ጥያቄ መለካት አይቻልም። ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ጤና መኮንኖች በየከተማው መኖራቸውም ትምህርቱን «ለምን?» የሚያሰኝ እውነተኛ ቁስል ነው። ያልተቆጠሩ እናቶች በየጎጡ እያሉ ቆጣሪው ከተማ መቀመጡ የሚያስቆጭ ነው።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ኮርሱ ከክፍል ይልቅ በግቢ ውስጥ ይርዘም። የአካባቢውን ቃላት ከጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች የሚማርበት ሰዓት ይመደብለት። የዱራሜው ውይይት እንደ ታሪክ ከመተረክ አልፎ እንደ ሙያ ይሰልጠን።

ያቺ ተማሪ ከአጥሩ ሥር ሆና መጠይቋን ገልጣ «አይ»ዋን ሰርዛ «አዎ» ብትል አንድ ቁጥር ታርማለች። በሚቀጥለው ቤት ግን «እስቲ እንሰቱን ያሳዩኝ» ብላ እመቤቲቱን ወደ ጓሮ ከወሰደቻትና እዚያ ከጠየቀቻት፣ ያን ቀን ትምህርቱ ገብቷታል።