ወንዶች የማይናገሩት በሽታ

በጽጽቃ የማታ ትምህርት አልቆ ፋኖሱን ልናጠፋ ስንል አንድ አዛውንት ተማሪያችን ወደ ኋላ ቀሩ። ሌሎቹ እስኪርቁ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ሽንቴ አልወርድ ብሎኛል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እነሳለሁ። ለባለቤቴም አልነገርኩ» አሉን። ይህ ነገር በአማርኛም ሆነ በኽምጣኛ በሰው ፊት አይነሳም። እኛም መጀመሪያ አፈርን። በኋላ ግን ከመጻሕፍት ያነበብነውንና ሐኪሞችን ጠይቀን የተረዳነውን ልንጽፍላቸው ተስማማን።

ወንድ ሁሉ ከፊኛው በታች ፕሮስቴት የምትባል እጢ አለችው። ከዘር ጋር የሚወጣውን ፈሳሽ ታዘጋጃለች። መጠኗ ከትንሽ ሎሚ አይበልጥም። የሽንት ቧንቧ በመሃሏ ያልፋል። ዕድሜ ሲገፋ እጢዋ ታድግና ቧንቧውን ትጫነዋለች። ደለል የገባበት ቦይ ውሃ እንደማያሳልፍ ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ካንሰር አይደለም። አንዳንዴ ግን ካንሰር ይሆናል፤ የድሮ ሰው ነቀርሳ የሚለው። ክፋቱ፣ ካንሰሩ ሲጀምር አያምም፣ ሽንትም ላይከለክል ይችላል። ወገብ መቁረጥ ሲጀምር ምናልባት አጥንት ውስጥ ገብቷል።

ስለ ሕክምናው ገበሬ ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው ነገር አለ። ኮርማ ሲቀጠቀጥ ይበርዳል፣ ይሰባል። ከዘር ፍሬው ወደ ደሙ ይገባ የነበረው ነገር ስለሚቀርበት ነው። ቻርልስ ሀጊንስ የሚባል የአሜሪካ ሐኪም በ1933 ዓ.ም. የፕሮስቴት ካንሰርም በዚሁ ነገር እንደሚያድግ አሳየ። የበሽተኞቹ የዘር ፍሬ ሲወጣ ካንሰሩ አነሰ፣ ሕመሙም ቀለለ። በ1959 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ ያንኑ ሥራ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ይሠራዋል። ሆኖም ካንሰሩ ውሎ አድሮ መንገድ ፈልጎ እንደገና ያድጋል።

ለዚህ ደግሞ ሉቴሺየም የሚባል ጨረር የሚሰጥ ነገር ያለበት መድኃኒት ተገኘ። በደም ሥር ይሰጣል። ንብ አበባዋን እንደምትለይ የካንሰሩን ቅንጣት ለይቶ ይጠጋዋል፣ በጨረሩም ይገድለዋል። በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት 831 በጠና የታመሙ ወንዶችን መርምሮ ነበር። መድኃኒቱ የተጨመረላቸው ካልተጨመረላቸው ይልቅ 4 ወር ያህል በሕይወት ቆዩ። ልጁን ለመዳር ቀን ለሚቆጥር አባት 4 ወር ትንሽ አይደለም።

ዋናው ግን ቀድሞ ማወቅ ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል የደም ምርመራ አለ። ችግሩ፣ ጅብ ሲመጣም እንግዳ ሲመጣም እኩል እንደሚጮህ ውሻ ነው። እጢዋ ያለ ካንሰር ስታድግም፣ ስትቆስልም ቁጥሩ ከፍ ይላል። በዚህ ሳቢያ ብዙ ጤነኛ ሰው በመርፌ ተወግቶ ሥጋው ለምርመራ ይወሰድ ነበር። በእንግሊዝ አገር 576 ወንዶች ቀድመው ኤም.አር.አይ. በሚባለው፣ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው መሣሪያ ታዩ። በ2009 ዓ.ም. በወጣው ውጤት ከ4 ሰው አንዱ ያህል መርፌው ሊቀርለት እንደሚችል ታወቀ።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የለንደን ተመራማሪዎች በምራቅ መጡ። ልጅ አባቱን የሚመስለው በሰውነቱ ውስጥ የተጻፈ ነገር ስላለ ነው። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ጽሑፍ 130 ቦታ አነበቡ። ያሰጋቸዋል ከተባሉት ውስጥ 468 ሰዎች ሲመረመሩ 187ቱ ካንሰር ተገኘባቸው።

ይህን ስናነብላቸው አዛውንቱ አቋረጡን። «የእኛ ሰው ምራቅ ታይቷል?» አሉ። ጥያቄው የአዋቂ ጥያቄ ነው። አልታየም። የተጠኑት የአውሮፓ ዘር ያላቸው ወንዶች ናቸው። በአሜሪካ ግን ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የሚሞቱት ከነጮቹ እጥፍ ያህል ነው። የሚያሰጋው ሰው ሳይጠና ቀረ ማለት ነው፤ ይህ እኛንም አስቆጭቶናል። በ2018 ዓ.ም. በእንግሊዝ በተጀመረ ትልቅ ጥናት ሌሎች ከ50 ዓመታቸው ሲጋበዙ፣ ጥቁሮች ከ45 ጀምሮ ይጋበዛሉ። በአገራችንም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባ የካንሰር በሽተኞች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይመዘገባሉ። የገጠሩ ሰው እዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የነበረው በዚሁ በጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ ከዚህ ሩቅ ነው። መጀመሪያው ምርመራ ግን ያን ያህል መንገድ አያስኬድም። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በመቀመጫ በኩል በጣቱ እጢዋን ይዳስሳል፤ ጠጥራ ወይም ጎርበጥባጣ ሆና ካገኛት ወደሚቀጥለው ምርመራ ይልካል። ይህን ስንነግራቸው አዛውንቱ ሳቁና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ቆይተው፣ «ሐኪሙ ወንድ ነው?» ብለው ጠየቁ። ወንድ ሐኪም መጠየቅ እንደሚችሉ ነገርናቸው። ሰኞ አንዳችን ይዘናቸው ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል እንወርዳለን። ለባለቤታቸውም ትናንት ማታ ነግረዋቸዋል።