ሸክም ለሚያነሣ ዊንች ስለሚስማማው የኤሌክትሪክ ሞተር

እህሉን ከእርጥበትና ከአይጥ ለማዳን በፎቅ መጋዘን የሚያኖር ባለ እርሻ፥ ኩንታሉን በሰው ጀርባ በመሰላል ማውጣቱ ይብቃ ብሎ፥ ገመድ እየጠመጠመ ሸክም የሚያነሣውን መኪና፥ ማለት ዊንችን፥ በኤሌክትሪክ ኃይል ለማዞር ያስባል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ወደ ነጋዴ ሄዶ የሚጠይቀው የሞተሩን ዋጋ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ ገንዘቡ ይባክናል፤ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው የሸክሙ ክብደትና የሚወጣበት ፍጥነት ነው። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ በ1 ሰከንድ 1 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ኃይል 1 የፈረስ ጉልበት ይባላል። እንግዲህ 5 ኩንታል፥ ይኸውም 500 ኪሎ ግራም፥ በ1 ደቂቃ 10 ሜትር ከፍ እንዲል ቢፈለግ፥ ለሸክሙ ብቻ ከ1 የፈረስ ጉልበት ጥቂት የሚበልጥ ይበቃል። ዳሩ ግን ሞተሩ በ1 ደቂቃ 1440 ጊዜ ያህል የሚዞር ቢሆን፥ ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲ ሜትር የሆነው የገመዱ መጠምጠሚያ መዞር የሚገባው 16 ጊዜ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በመካከላቸው ፍጥነቱን 90 ጊዜ የሚቀንስ ማርሽ ያስፈልጋል። ማርሹም እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ ያለው እንደ ሆነ፥ ከኃይሉ እኩሌታ የሚያህለውን በመፋተግ ሊበላው ይችላል። ገመዱም በገመድ ላይ በተደራረበ ቁጥር መጠምጠሚያው ስለሚወፍር የሞተሩ ድካም ይጨምራል። ስለዚህ 3 የፈረስ ጉልበት ያለውን መምረጥ ማባከን አይደለም።

በቆላ የሚበረታ ሞተር በደጋ ይደክማል ቢባል የሚያስቅ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት ነው። በሞተሩ ላይ የሚጻፈው ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ላለ አገር የተወሰነ ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ አየሩ ስለሚሣሣ ሞተሩን እንደሚገባ አያቀዘቅዘውም።

ባለ 3 ፌዝ መስመር ባለበት በ380 ቮልት የሚሠራውን መምረጥ ይሻላል። ባለ 1 ፌዝ ብቻ ከሆነ ግን ለማስነሣት የሚረዳ ኮንደንሰር ያለውን መጠየቅ ይገባል። ሽቦው ረጅምና ቀጭን ሆኖ ቮልቱ ከ100 እጅ ወደ 90 ቢወርድ፥ የማስነሣት ጉልበቱ ከ100 ወደ 81 ይወርዳል፤ ሞተሩም ሸክሙን ማንሣት ተስኖት እያጉረመረመ ይቃጠላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፍሬኑ ነው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ የሚላቀቅ፥ ሲቋረጥ ግን በሞላ ኃይል ወዲያው ራሱ የሚይዝ መሆን አለበት። የማርሹ ጥርስ ብቻውን ሸክሙን ይይዛል የሚል ነጋዴ ቢኖር ሊታመን አይገባም፤ ጥርሱ ሲያልቅና ሲንቀጠቀጥ ሊያንሸራትት ይችላልና፥ ከሥር ቆሞ ጆንያ የሚያስረው ሰው 5 ኩንታል ይወድቅበታል።

ስለዚህ ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት፥ ከሥር ማንም ሳይኖር፥ ሙሉው ሸክም እስከ መንገዱ እኩሌታ ወጥቶ ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጥ፤ ሸክሙ ባለበት ጸንቶ ካልቆመ መኪናው ለነጋዴው ይመለስ።