የእምነት ቃልና የሕዝብ ጥርጣሬ፤ የቲሞቲ ኢቫንስ ጉዳይ

በሰው መግደል የተጠረጠረ ሰው ለፖሊስ «አዎን፥ ገድያለሁ» ብሎ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ሌላ ማስረጃ መፈለግ ለብዙ ሰው ትርፍ ድካም ይመስለዋል። ራሱ ካመነ ምን ቀረ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን የእምነት ቃል ያለበት፥ ምስክር የተሰማበት፥ ፍርድም የተፈጸመበት ሆኖ ሳለ፥ ሕዝቡ የፖሊሱን ማስረጃ ተጠራጥሮ በመጨረሻ ጥርጣሬው ትክክል ሆኖ የተገኘበትን አንድ የእንግሊዝ አገር ጉዳይ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቲሞቲ ኢቫንስ በ1924 በዌልስ የተወለደ፥ ማንበብና መጻፍ እምብዛም የማይችል የዕቃ ማመላለሻ መኪና ነጂ ነበር። በለንደን ከተማ በኖቲንግ ሂል ሠፈር፥ ሪሊንግተን ፕሌስ በሚባለው መንገድ በቁጥር 10 ቤት፥ ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር በላይኛው ፎቅ ይኖር ነበር። በምድር ቤቱ የሚኖረው ጎረቤቱ ጆን ክርስቲ ነበር።

በኅዳር 30 ቀን 1949 ኢቫንስ በዌልስ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፥ ሚስቱ ፅንስ ለማስወረድ የወሰደችው ነገር ገድሏት አስከሬኗን በቤቱ ፊት ለፊት ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ጣለው ተናገረ። የለንደን ፖሊሶች ጉድጓዱን ሲከፍቱ ክዳኑን ለማንሣት ሦስት ሰው አስፈለገ፤ በውስጡም አስከሬን አልተገኘም። ይህ በተነገረው ጊዜ ኢቫንስ ቃሉን ለውጦ፥ ሚስቱ የሞተችው ክርስቲ ፅንሱን አስወርድልሻለሁ ብሎ በሠራው ሥራ መሆኑን ገለጸ። በታኅሣሥ 2 ቀን ፖሊስ በጓሮው ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የሚስቱንና የሕፃኗን አስከሬን አገኘ። ሁለቱም ታንቀው ተገድለዋል። ኢቫንስ ወደ ለንደን ተወስዶ የሟቾቹ ልብስና ሕፃኗ የታነቀችበት ከረባት ከታየው በኋላ ሁለቱንም እኔ ገደልሁ ብሎ ቃል ሰጠ።

የተከሰሰው በሕፃኗ ሞት ነበር። ነገሩ በጥር 1950 ሦስት ቀን ብቻ ተሰማ። ኢቫንስ በችሎት ፊት የእምነት ቃሉን ክዶ ገዳዩ ክርስቲ ነው አለ። ይህንንም ቃል የሰጠው የልጁን ሞት ሰምቶ ተስፋ ስለ ቆረጠና ፖሊሶች ይመቱኛል ብሎ ስለ ፈራ መሆኑን አስረዳ። የዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክር ሆኖ የቀረበው ራሱ ክርስቲ ነበር። ቀድሞ በስርቆትና ሰው በመምታት የተፈረደበት ቢሆንም፥ በጦርነቱ ጊዜ በረዳት ፖሊስነት ማገልገሉ ስለ ተነገረለት የታመነ ሰው መሰለ። የፍርድ ሸንጎው ሰዎች 40 ደቂቃ ያህል መክረው ጥፋተኛ ነው አሉ። ኢቫንስ በመጋቢት 9 ቀን 1950 ተሰቀለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 1953፥ በዚያው ቤት ከክርስቲ ወጥ ቤት ግድግዳ በስተጀርባ የሦስት ሴቶች አስከሬን፥ ከወለሉ ሥር የገዛ ሚስቱ አስከሬን፥ በጓሮውም የሁለት ሴቶች አፅም ተገኘ። ክርስቲ የኢቫንስን ሚስትም መግደሉን አመነ፤ ሕፃኗን ግን አልገደልሁም አለ። እርሱም በሐምሌ 15 ቀን 1953 ተሰቀለ። የሕዝቡ ጥርጣሬ የበረታው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ጥርጣሬ በምን ላይ የቆመ ነበር? በሦስት ነገር ከፍለን እንመልከተው።

መጀመሪያው የእምነት ቃሉ ነው። ፖሊስ እንዳስረዳው፥ ኢቫንስ የተናገረው ዝርዝር ገዳዩ ብቻ ሊያውቀው የሚችል ነበር። ነገር ግን የእምነት ቃል ዋጋ የሚኖረው ተጠርጣሪው መርማሪው የማያውቀውን ነገር ሲናገርና ያም ነገር በኋላ ተፈልጎ ሲገኝ ነው። መርማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ የሚደግም ቃል ከተናጋሪው ይምጣ ከጠያቂው ይምጣ መለየት ያስቸግራል። እዚህ ላይ አስከሬኖቹ የተገኙት ኢቫንስ ከማመኑ በፊት ነው፤ ልብሱና ከረባቱም ቀድመው ታይተውታል። ቃሉን የጻፉት ፖሊሶች ናቸው፤ ማንበብ ስለማይችልም ያነበቡለት እነርሱው ናቸው።

ሁለተኛው ፍተሻው ነው። ፖሊሶች መጀመሪያ ቤቱን ሲፈትሹ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ሳያዩት ቀሩ። በጓሮውም የአትክልቱን አጥር ደግፎ የቆመው ነገር የሰው የጭን አጥንት መሆኑን አላስተዋሉም። ያን ጊዜ አስተውለውት ቢሆን ኖሮ ምስክሩ ተከሳሽ በሆነ፥ ኋላ የሞቱት አራት ሴቶችም በዳኑ ነበር።

ሦስተኛው የሠራተኞቹ ምስክርነት ነው። በእምነት ቃሉ መሠረት አስከሬኖቹ በኅዳር 8 እና 10 ቀን በዚያ ክፍል ተቀምጠዋል። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ቤቱን የሚያድሱ ሠራተኞች ዕቃቸውን የሚያኖሩት በዚሁ ክፍል ስለ ነበር፥ በመጀመሪያ በሰጡት ቃል ምንም እንዳላዩ ተናግረው ነበር። ፖሊስ እንደ ገና ጠርቶ ከጠየቃቸው በኋላ ቃላቸው ላላ፤ ለምስክርነትም አልቀረቡም። ስለዚህ የእምነት ቃሉን የሚያፈርሰው ማስረጃ ሸንጎው ፊት ሳይደርስ ቀረ።

መንግሥት በ1953 ስኮት ሄንደርሰን የተባለውን የሕግ ሰው መርምር ብሎ ቢያዝዘው፥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኢቫንስ ሁለቱንም ገድሏል የሚል ሪፖርት አቀረበ። ይህን ለመቀበል ሴት አንቀው የሚገድሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት፥ በአጋጣሚ ብቻ፥ አብረው ኖረዋል ብሎ ማመን ያስፈልጋል። ጋዜጠኛው ሉዶቪክ ኬኔዲ በ1961 ጉዳዩን በመጽሐፍ ተነተነው። ቀጥሎ ዳኛ ብራቢን መርምረው በ1966 የሰጡት አስተያየት እንግዳ ነበር፤ ይኸውም ኢቫንስ ሚስቱን ሳይገድል አልቀረም፥ ሕፃኗን ግን አልገደለም የሚል ነው። የተሰቀለው በሕፃኗ ሞት ስለ ሆነ በዚያው ዓመት ከሞተ በኋላ ምሕረት ተደረገለት። በ2004 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱ በይግባኝ እንዲታይ የቀረበውን አቤቱታ ባይቀበልም፥ ኢቫንስ ሚስቱንም ልጁንም አለመግደሉን ዳኞቹ ተቀብለዋል።

እዚህ ላይ ሕዝብ ሁሉን ነገር ይጠራጠራል፥ እንዲህ ከሆነ የፖሊስ ሥራ እንዴት ይቃናል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ኢቫንስ ራሱ ደጋግሞ ዋሽቷል፤ የዋሸውን ሰው ፖሊስ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥርጣሬም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከወሬ የሚወለድ ነው፤ እርሱ ማስረጃ አይጠይቅም፥ ማስረጃም አያጠፋውም። ሁለተኛው ይህ ቀን፥ ይህ ክፍል፥ ይህ ምስክር ብሎ በጣት የሚያሳይ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጥርጣሬ ፍርድ ቤትን መድፈር ሳይሆን ፍርድ ቤትን መርዳት ነው። በሶስና ታሪክ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሕዝብ ዘንድ የተከበሩ ስለ ነበሩ ጉባኤው ሁሉ አመናቸው። ዳንኤል ያደረገው ክብራቸውን መንካት አልነበረም፤ ለየብቻ አቁሞ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩ መጠየቅ ብቻ ነበር። የለንደኑ ሸንጎ የረዳት ፖሊሱን ክብር አየ እንጂ ዛፉን አልጠየቀም።

የሞት ቅጣት በነፍስ ግድያ በ1965 ለጊዜው ሲታገድ፥ በ1969ም ለዘለቄታው ሲቀር፥ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የኢቫንስ ስም ነበር። በ1972 በደረሰ ሌላ የግድያ ጉዳይ የእምነት ቃል እንደ ገና ነቀፌታ ካስነሣ በኋላ፥ በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ በጣቢያ የሚደረግ ጥያቄ በድምፅ መቅጃ የሚያዝበትን ሥርዓት ደነገገ።

በአገራችንም በ1961 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ተጠርጣሪውን በማስፈራራት ወይም በተስፋ ቃል እንዳያናግር ይከለክላል። በአንቀጽ 35 የእምነት ቃልን የሚመዘግበው ዳኛ ሰውየው በፈቃዱ መናገሩን ጠይቆ እንዲያረጋግጥ ያዛል። የ1995 ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕጉን የሚጠብቀው ይህን ቃል ከምን ጋር አመሳከራችሁት ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ፥ ጠበቃና ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ጉዳይ የምንማረው ፖሊስን መናቅ አይደለም። ክርስቲን በመጨረሻ የያዘውም ፖሊስ ነው። የምንማረው የእምነት ቃል የምርመራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ጥያቄው በ1950 በሦስቱ ቀን ችሎት ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በዳነ ነበር። የተጠየቀው ግን ከሞተ በኋላ ስለ ሆነ፥ መልሱ ለእርሱ ስሙን እንጂ ነፍሱን አልመለሰለትም።