ባሕር የሚገልጠው አጥንት

በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በዶርሴት ግዛት የምትገኘው ላይም ሪጂስ በባሕርና በገደል መካከል የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት። ገደሉ ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ የኖራ ድንጋይና ጠቆር ያለ የጭቃ ድንጋይ፣ በሌማት ላይ እንደተነባበረ እንጀራ፣ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ነው። የዐለቱ ዕድሜ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። በብርዱ ወራት ማዕበል ከግርጌው ይቦረቡረዋል፤ ዝናብ ከላይ ያርሰዋል፤ ገደሉም ይናዳል። ከናዳው ውስጥ በጥንት ዘመን በባሕር ይኖሩ የነበሩ ገበሎ አስተኔዎች አጥንት ብቅ ይላል። ሰው ፈጥኖ ካላነሣው ግን አጥንቱን ያወጣው ማዕበል ራሱ እያንከባለለ ሰባብሮ ያጠፋዋል። በላይም ሪጂስ ቅሪተ አካል መልቀም ከባሕር ጋር የሚደረግ ሽሚያ ነው።

አጥንቱ ዐለት ውስጥ የገባበት መንገድ ረጅም ነው። በጁራሲክ ዘመን መጀመሪያ አካባቢው ሞቃት ባሕር ነበር። እንስሳው ሲሞት ሬሳው ወደ ባሕሩ ወለል ይሰጥማል። ወለሉ ላይ ኦክስጅን በጣም ያነሰ ስለነበር ጥንብ የሚበሉ ፍጥረታት እንደልብ አይደርሱበትም፤ በዚህም ምክንያት አጽሙ ሳይበታተን በደለል የመሸፈን ዕድል ያገኛል። ሥጋው በስብሶ ይጠፋል፤ አጥንቱ ይቀራል። በአጥንቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚሰርገው ውሃ የተሸከመውን ማዕድን እዚያው ይተዋል። ደለሉ በላዩ በሚከመረው ሌላ ደለል ተጨምቆ ዐለት ሲሆን አጥንቱም አብሮት ይጠጥራል።

በዚህ ገደል በብዛት የሚገኘው የኢክቲዮሰር አጥንት ነው። ስሙ በግሪክ ቋንቋ የዓሣ እንሽላሊት እንደማለት ነው። ቅርጹ ዶልፊን ቢመስልም ዓሣም ዶልፊንም አይደለም፤ በሳንባ የሚተነፍስ፣ እንቁላል ሳይጥል ልጁን በሕይወት የሚወልድ ገበሎ አስተኔ ነበር። ሌላው ፕሊሲዮሰር ነው። አንዳንዱ ዝርያው አንገቱ እጅግ ረጅም ሲሆን፣ ሁሉም እንደ መቅዘፊያ ባሉ አራት እግሮች ይዋኙ ነበር። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከዳይኖሰር ጋር ተቀላቅለው ቢጠሩም የዳይኖሰር ወገን አይደሉም።

ለቀማውን ለዓለም ያሳወቀችው ሜሪ አኒንግ ናት። እ.ኤ.አ. በ1799 በላይም ሪጂስ ተወለደች። አባቷ አናጢ ሲሆን፣ ከሥራው ጎን ለጎን ከባሕሩ ዳርቻ የሚያገኘውን ቅሪተ አካል ለበጋ ጎብኚዎች ይሸጥ ነበር። በ1810 ዕዳ ጥሎ ሲሞት ልጆቹ ይህንኑ ለቀማ መተዳደሪያ አደረጉት። በ1811 ወንድሟ ጆሴፍ ርዝመቱ 1.2 ሜትር የሚሆን የኢክቲዮሰር ራስ ቅል አገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ሜሪ የቀረውን አጽም አገኘችው። ያን ጊዜ ገና የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ቤተሰቡ አጽሙን በ23 ፓውንድ ሸጠው።

በ1823 ሜሪ የመጀመሪያውን ሙሉ የፕሊሲዮሰር አጽም አወጣች። የዘመኑ ታላቅ የአጥንት ሊቅ ፈረንሳዊው ጆርጅ ኩቪዬ የአንገቱን ርዝመት አይቶ የሁለት እንስሳት አጥንት የተቀጠለበት እንዳይሆን ተጠራጠረ፤ በኋላ ግን አጽሙ እውነተኛ መሆኑን ተቀበለ። በ1828 ደግሞ ፕቴሮሰር የሚባለውን በራሪ ገበሎ አስተኔ አገኘች፤ ከጀርመን ውጭ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ግኝቶቿን የገዙ ምሁራን በጽሑፎቻቸው ስሟን ብዙ ጊዜ አላነሡም። የለንደን የሥነ ምድር ማኅበርም ሴቶችን ከአዳራሹ ውጭ አስቀርቶ ቆይቶ፣ በስብሰባው እንዲገኙ የፈቀደው እሷ ከሞተች ከ57 ዓመት በኋላ፣ በ1904 ነበር።

ሜሪ አኒንግን ከተራ ለቃሚ የለያት አጥንቱ የት እንደተኛ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ማስተዋሏ ነው። በአካባቢው ሰዎች ቤዞር የሚሏቸው ድቡልቡል ድንጋዮች ነበሩ። እነዚህ ድንጋዮች በኢክቲዮሰር ሆድ ዕቃ ቦታ ላይ እንደሚገኙ፣ ሲሰበሩም በውስጣቸው የዓሣ አጥንትና ቅርፊት እንደሚታይ አየች። በዚህ ምልከታ ላይ ተመሥርቶ ዊልያም በክላንድ የተባለው የሥነ ምድር ምሁር በ1829 ድንጋዮቹ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ኩስ መሆናቸውን አስረዳ። የጥንቱ እንስሳ ምን ይበላ እንደነበር የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ድንጋዩን አንሥቶ ቦታውን ላላስተዋለ ሰው ግን ያው ድቡልቡል ድንጋይ ነው።

ዛሬም ለቃሚው የሚመርጠው ጊዜ ከማዕበል ማግስት፣ ውሃው ከዳርቻው በሚሸሽበት ሰዓት ነው። አጥንትን ከድንጋይ ለመለየት ቀለምና ውስጣዊ ቅርጽ ይረዳሉ። የላይም አጥንት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ የተሰበረው ፊቱ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ሆኖ ይታያል። ለጀማሪ የሚቀለው የኢክቲዮሰርን የጀርባ አጥንት መለየት ነው፦ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ በሁለቱም ፊቱ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው።

ገደሉ ሥር መጠጋትና ግድግዳውን በመዶሻ መምታት አደገኛ ነው። በ1833 የወረደ ናዳ የሜሪ አኒንግን ውሻ አጠገቧ ገድሎታል፤ እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። የሚመለስ ውሃ በገደልና በባሕር መካከል መውጫ እንዳያሳጣ ሰዓቱን አስቀድሞ ማወቅም ግድ ነው።

ትልቅ አጽም ሲገኝ ሥራው ቀስ ይላል። መጀመሪያ ፎቶ ይነሣል፤ ቦታውና የተገኘበት የዐለት ንብርብር ይመዘገባል። ንብርብሩ የአጥንቱን ዕድሜ የሚናገር ስለሆነ መዝገብ የሌለው አጥንት ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያ ዙሪያው በመሮና በመዶሻ ተፈልፍሎ አጥንቱ ከነድንጋዩ ይነሣል፤ የሚፈረካከስ ከሆነ በጀሶ ይጠቀለላል። በሥራ ቤት በአየር ግፊት በሚሠሩ ቀጫጭን መፈልፈያዎች ድንጋዩ ይነሣለታል። የኖራ ድንጋይ በቀላል አሲድ ስለሚሟሟ አንዳንዴም አጥንቱ በዚያ እየተነከረ ይጸዳል። የተጸዳውም ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ በውስጡ ያለው የብረትና የድኝ ውሁድ እርጥበት ካገኘ አጥንቱን ከውስጥ ይፈረፍረዋል።

ከኤክስማውዝ እስከ ስተድላንድ 155 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ጠረፍ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅርስ ቢሆንም ለቀማው አልተከለከለም፤ የተተወ አጥንት የባሕሩ ሲሳይ ነውና። በምዕራብ ዶርሴት የወጣው የለቀማ ደንብ በዳርቻው ወድቆ የተገኘውን ማንሣት ይፈቅዳል፤ ገደሉን ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ ለሳይንስ የሚጠቅም ግኝትም እንዲመዘገብ ያዛል።

በዚሁ ጠረፍ በስተምሥራቅ፣ በኪመሪጅ የባሕር ወሽመጥ፣ በ2022 የተገኘው፣ የፕሊሲዮሰር ዘመድ የሆነው የፕሊዮሰር ራስ ቅል የሽሚያውን ነገር በደንብ ያሳያል። በመጀመሪያ የታየው ዳርቻው ላይ የወደቀው የአፉ ጫፍ ብቻ ነበር። የቀረው ከፍ ብሎ በገደሉ ውስጥ መሆኑ በድሮን ተረጋገጠ። ቆፋሪዎቹ ከገደሉ አናት በገመድ ወርደው፣ ተንጠልጥለው እየሠሩ አወጡት። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ የጥርሶቹ ብዛት 130፣ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። አሁን እዚያው ኪመሪጅ በሚገኘው የኤቸስ ሙዚየም ይታያል።

ኢትዮጵያም በጁራሲክ ዘመን በአብዛኛው በባሕር ተሸፍና ነበር፤ በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ደለል ነው። ከእሱ በላይ በሚገኘው፣ በሙገር ስም በሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። እዚህ ግን ሕጉ ይለያል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅሪተ አካል መፈለግም መቆፈርም አይቻልም። በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ግኝቱን ሳይነካካ ጠብቆ ለቅርስ ባለሥልጣን ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት።