አንድ ሰው፣ አንድ መድረክ፦ የ«እያዩ ፈንገስ» መንገድ

በጎንደር ከተማ ፒያሳና አካባቢው ለሚኖር ሰው፣ ብቻውን ቆሞ አዳራሽ ሙሉ ታዳሚ የሚያጫውት ከያኒ እንግዳ አይደለም። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ይቆማል፤ ታዳሚው «ተቀበል» እያለ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ያወድሳል፣ ይሸነቁጣል። ቀደምት ገዥዎች የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ «አዝማሪ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል።

በዘመናዊው ቴአትር ለዚህ የሚቀርበው የአንድ ሰው ተውኔት ነው። በአገራችን ስሙ ጎልቶ የወጣው «እያዩ ፈንገስ» ሲሆን፣ ደራሲው ገጣሚ በረከት በላይነህ፣ ተዋናዩ ደግሞ ግሩም ዘነበ ነው። ግሩም ሰው «እብድ» የሚለውን እያዩን ሆኖ ብቻውን ይተውናል። አንደኛው ሥራ «ፌስታሌን» ይባላል፤ ሌላው «ቧለቲካ» ደግሞ ቧልትንና ፖለቲካን በአንድ ቃል ያጣመረ ነው።

እብድ ለምን ተመረጠ? እብድ የተባለ ሰው ጤነኛው የሚፈራውን ቢናገር ይታለፋልና ነው። ሩሲያዊው ጎጎልም እ.ኤ.አ በ1835 ባሳተመው የእብድ ማስታወሻ በዚሁ ስልት ተጠቅሟል፤ ድርሰቱ እስከ ዛሬ በአንድ ተዋናይ ይቀርባል።

በመድረክ መተቸት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ1913 ዓ.ም ገደማ የጻፉት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ በእንስሳት ምሳሌ አስተዳደሩን በመተቸቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል።

የአንድ ሰው ተውኔት ለተዋናዩ ከባድ ነው። ቃል ቢጠፋበት የሚደግፈው ባልደረባ የለም፤ ቢታመም ትርኢቱ ይቀራል። ደራሲውም ጠቡንና ክርክሩን ሁሉ በአንድ አንደበት ማስኬድ ይጠበቅበታል። ተመልካቹም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሳቁና ዝምታው ለተዋናዩ እንደ መልስ ይሆናል።

ጥቅሙ ግን ለክልል ከተሞች ይበልጥ ይታያል። እንደ ሀገር ፍቅርና ብሔራዊ ያሉ አንጋፋ ቴአትር ቤቶች የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። ብዙ ተዋናዮች ያሉትን ቴአትር ወደ ዳባትና ደባርቅ ለመውሰድ መኪና፣ መኝታና አበል ያስፈልጋል። ለአንድ ተዋናይ ግን አንድ ሻንጣና አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ሊበቃ ይችላል።

ስለዚህ ቴአትር ወደ ገጠር ከተሞች የሚደርስበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ግጥም ሰጥቶ መቀበል በለመደ ሕዝብ መካከል ያደገ ወጣት ደግሞ መነሻው በእጁ አለ፤ የሚቀረው መጻፍ፣ መለማመድና ብቻውን ለመቆም መድፈር ነው።