ገላን ታጥቦ ማሳከክ ከምን ይመጣል?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ማሳከክ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። በሰው ፊት ለመናገርም ያሳፍራል። በእኔም ባይደርስ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ለማስተማር የሄድኩት ጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለ አንድ መንደር ነው። በገባሁ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከልጆች ጋር ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ደንገል የበዛበት፣ ውኃው የማይንቀሳቀስበት ቦታ ነበር። ገላዬን ታጠብኩ፤ ዋኘሁ፤ ብዙ ቆየሁ። ወጥቼ ልብሴን ለብሼ ሳልጨርስ እግሬን ይበላኝ ጀመር። ማታ ከጉልበቴ በታች ትንንሽ ቀያይ ሽፍታ ወጣብኝ። ሌሊቱን ስፎክት አደርኩ።

ያሳደሩኝ አባት ጠዋት አይተውኝ ሳቁ። «ምነው ልጄ፣ እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም፤ እከከው እንጂ» አሉኝ። ልጆቹም ሳቁብኝ። አብረውኝ ከዋኙት ውስጥ አንድም ያሳከከው የለም። የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ቆዳዬ ስስ ነው ተባለ። እኔም አመንኩ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ግን ነርሷ አልሳቀችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «የት ነው የታጠብከው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆም ባለና ሣር በበዛበት ውኃ ውስጥ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ትሎች ይራባሉ። ትሎቹ ወደ ውኃው ወጥተው ሰው ይፈልጋሉ። ሰው ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። የሚያሳክከው ያን ጊዜ ነው። በሽታው ቢልሃርዝያ ይባላል።

ማሳከኩ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ሰውም ዳንኩ ይላል። ትሉ ግን በደም ሥር ውስጥ ገብቶ ያድጋል፤ እንቁላል ይጥላል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ቆይቶም የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ድካም ይመጣል። ሳይታከም ዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል፤ ሆድንም ያሳብጣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይኼ ነው።

ታዲያ ልጆቹን ለምን አላሳከካቸውም? እኔም ይህንኑ ጠየቅኩ። የሚያሳክከው ብዙውን ጊዜ ለውኃው አዲስ የሆነውን ሰው ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚያ ውኃ ያደገ ሰው ቆዳው ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ አላሳከከኝም ማለት ውኃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ይህን ስሰማ የቤቱ ትንሹ ልጅ ትዝ አለኝ። አሥር ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ሆዴን ይላል፤ አንዳንድ ቀን ከሰገራው ጋር ደም ያያል። ኮሶ አጠጥተውታል። ኮሶ ለኮሶ ትል ነው፤ ለዚህኛው አይደለም። ማታ ነገሩን ለአባትየው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። በማግሥቱ ልጁን ይዘው ሄዱ። ሰገራው ሲመረመር የቢልሃርዝያ እንቁላል ተገኘበት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። የሚሰጠው በሰውነት ክብደት ልክ ነው። ልጁ እዚያው ዋጠ። እኔ ደግሞ ትሉ እንቁላል እስኪጥል ጊዜ ስለሚወስድ ከ6 ሳምንት በኋላ ተመልሼ እንድመረመር ተነገረኝ። ተመለስኩ፤ ተገኘብኝ፤ ዋጥኩ።

መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፤ ነገ ዳግመኛ እንዳይገባ ግን አይከለክልም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ውኃው ይመለሳል። ቀንድ አውጣው ትሎቹን የሚለቀው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ በተለይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይብሳል። በዚያ ሰዓት ልጆችን ሐይቅ አትስደዱ። ሌላው ሰዓትም ቢሆን ፍጹም ደኅና አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ውኃውን ወደ ቤት ማምጣት ነው። ከሣሩ ርቃችሁ ቅዱ፤ ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት አጥልሉት፤ ከድናችሁ ሁለት ሙሉ ቀን አቆዩት። ትሎቹ ሰው ካላገኙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ። ለቅዳሜ ገላ መታጠቢያ ሐሙስ ጠዋት መቅዳት ነው። የሚቸኩል ሰው ውኃውን አፍልቶ፣ አብርዶ ይታጠብ።

ቀንድ አውጣው ደግሞ በሽታውን ከራሱ አያመጣም፤ ከእኛ ነው የሚቀበለው። የታመመ ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥም ይገባል። መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሮ በዚያ የሚጠቀም መንደር ይህንን መንገድ ይዘጋል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሰው ሥራ ሳልናገር አላልፍም። እንዶድን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። እናቶቻችን በእጃቸው ይዘውት የኖሩት ፍሬ ነው! ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ ማንም በገዛ ፈቃዱ ወንዝ ውስጥ አይጨምረው።

ሁሉም ማሳከክ ከሐይቅ ይመጣል እያልኩ ግን አይደለም። በቤቱ በንጹሕ ውኃ ታጥቦም የሚያሳክከው ብዙ ሰው አለ። በተለይ በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ያስቸግራል። ቆዳ የራሱ ወዝ አለው። በጣም የሞቀ ውኃና የልብስ ሳሙና ወዙን ጠርገው ይወስዱታል። ቆዳው ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ይበላል። ሰውየው ደግሞ ያልጸዳ መስሎት በማግሥቱ አብዝቶ ይፈትጋል! ባሰበት ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ሳሙናው ለስላሳ የገላ ሳሙና ይሁን፤ ለብብት፣ ለእግርና ለቆሸሸው ቦታ ብቻ ይበቃል። ሳሙናውን በደንብ አለቅልቁት። ስትደርቁ አትፈትጉ፤ በጨርቅ ጫን ጫን አድርጉ። ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን ተቀቡ። ቆይቶ ከደረቀ በኋላ መቀባት ጥቅሙ ያንሳል።

ሦስተኛው ራሱ እከክ ነው። እከክ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ተባይ ቆዳ ውስጥ እየቦረቦረ ሲገባ የሚመጣ ነው። በጣት መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብልት አካባቢ ይበዛል። ሌሊት ይብሳል፤ በሙቅ ውኃ ከታጠቡም በኋላ ይብሳል። በአንድ አልጋ የሚተኙትን ሁሉ ይይዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው እስከ 6 ሳምንት ድረስ ላያሳክከው ይችላል። ስለዚህ የሚያሳክከው ብቻ ቢታከም ከንቱ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ይቀባ። ልብሱና አንሶላው በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከተቀባችሁ በኋላም ሁለት ሦስት ሳምንት ሊያሳክክ ይችላል። መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ ደጋግማችሁ አትቀቡ፤ ጤና ጣቢያውን ጠይቁ።

እባካችሁ፣ የከብት መዥገር መድኃኒት ወይም የሰብል ፀረ ተባይ ገላችሁ ላይ አትቀቡ። በቆዳ ዘልቆ ሰው ይገድላል። በልጅ ላይ ደግሞ ይከፋል።

ጥፍርም ቢሆን መድኃኒት አይደለም። የተፎከተ ቆዳ ይቆስላል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ጥፍራችሁን ቁረጡ። ሲበላችሁ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ብታስቀምጡበት ያስታግሣል።

ሌላም አለ። ሽፍታ ሳይኖር በታጠበ ቁጥር የሚያሳክከው፣ ራሱን የሚያዞረው፣ ፊቱ የሚቀላ ትልቅ ሰው ደሙን ይመርመር። ዓይኑ ቢጫ የሆነም ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ነርሷ የምትጠይቃችሁን አስቀድማችሁ ያዙ። መቼ ጀመረ? በየትኛው ውኃ ታጠባችሁ? በምን ሳሙና? በቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? ሰገራ ላይ ደም ታይቷል? ያሳደሩኝ አባት የልጃቸውን ነገር በገዛ እጃቸው፣ በእርሳስ፣ በአራት መስመር ጽፈው ነው ይዘው የሄዱት። ነርሷም አንብባ ወዲያው ወደ ምርመራ ክፍል ላከቻቸው።