የመድፈኛው ሁለት ጦርነቶች

ከሜክሲኮ ወደ ምዕራብ በሚሄድ ታክሲ ላይ ወያላው «ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና!» እያለ ሲጣራ የሚሰማን የሁለት ሰፈር ስም ብቻ ነው። እኔ ግን ስለ 1928ቱ ጦርነት ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ጥሪው ፈገግም ክፍትም ያሰኘኛል። በዚያ ዓመት የጦር ኃይላችንን የፈታው አየር ነው፤ አየሩም ጤና አልነበረም።

አየር ጤና የጅማ መንገድ ከከተማው የሚወጣበት አፍ ነው። መንገዱ ዓለም ገናን፣ ሰበታንና ተፍኪን አልፎ ወደ ወሊሶ ይነጉዳል። አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች ከተማዋን ከየአቅጣጫው ሊያጠቁ ሲመጡ፣ በዚህ በደቡብ ምዕራቡ በኩል እንዲገቡ የታሰቡት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነበሩ። በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ የሚባሉት ባልቻ ያኔ ሰባን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት ደግሞ መቀሌና ዓድዋ ላይ ከምኒልክ መድፈኞች አንዱ ነበሩ። ከአንድ ጠላት ጋር ሁለት ጊዜ ተዋግተዋልና ሁለቱን ጦሮች ለማስተያየት ከሳቸው ዕድሜ የተሻለ ሚዛን አላውቅም።

ዓድዋን ስናወራ አንደኛው ወገን ጦርና ጋሻ፣ ሌላው መድፍና ጠመንጃ ይዞ የተገናኘ አድርገን መተረክ እንወዳለን። ለድሉ ግርማ የጨመርን ይመስለናል እንጂ የምኒልክን የዓመታት ድካም እየሰረዝንባቸው ነው። ንጉሡ ከፈረንሳይም ከሩሲያም ከሌላውም መሣሪያ ሲያሰባስቡ ኖረዋል፤ ጣሊያን ራሷ እንኳ ወዳጅ በነበረችበት ጊዜ ጠመንጃ ሰጥታቸዋለች። ሠራዊቱ ውስጥ ሰናድርም ነበር፣ ሬሚንግተንም ነበር፣ በኛ አፍ ውጅግራ የሆነው የፈረንሳዩ ግራም ነበር። ጦርና ጎራዴ ብቻ የያዘ አልጠፋም፣ ብዙው ግን ጠመንጃ ነበረው። የጣሊያን ወታደር ደግሞ አገሩ አዲስ ጠመንጃ ማስታጠቅ ጀምራ ሳለ ዓድዋ ላይ የተሰለፈው አሮጌውን ቬተርሊ ይዞ ነው። በመድፍ ቁጥር ጣሊያን 56 ይዛ ትበልጥ ነበር። ነገር ግን የምኒልክ ሆችኪስ መድፎች ፈጣን ተኳሾች ናቸው፤ መቀሌ ምሽግ ውስጥ የተከበበው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦርም ይህን ቀምሶታል። ባልቻ ስማቸው የገነነው በዚህ ሥራ ነው።

በሰው ብዛትማ ልዩነቱ ሰፊ ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ያሰለፉት አስካሪ የሚባለውን የቅኝ ግዛት ወታደር ጨምሮ 17 ሺህ ያህል ሲሆን የምኒልክ ጦር ከ80 እስከ 100 ሺህ ይገመታል። ይሁን እንጂ ብዛት ይበላል። ዓድዋ ዙሪያ የሰፈረው ያን ሁሉ ሰው፣ በቅሎና ፈረስ የሚቀልበው የገበሬው ጎተራ ነው፤ ጎተራውም እየተሟጠጠ ነበር። ባራቲየሪም ስንቅ አልቆባቸዋል። ሁለቱ ጦሮች ማን ቀድሞ ይርበዋል እየተባባሉ ተፋጠው ሳለ ነው ከሮም የሚመጣው ግፊት ያየለባቸው ጄኔራል የካቲት 23 ሊነጋጋ በሌሊት የተነሱት። በያዙት ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ቦታውን ስቷል። ከባራቲየሪ ጄኔራሎች አንዱ አልበርቶኔ የአገሬው ሰው ኪዳነ ምሕረት ወደሚለው ኮረብታ ሄደው ከቀሩት ጓዶቻቸው ተነጥለው ተገኙ። ውሎው የኛ ሆነ።

በ1928 ባልቻን የገጠማቸው ጣሊያን ግን ሌላ ነው። ሙሶሊኒ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ በመቶ የሚቆጠር አውሮፕላን፣ ታንክና ካሚዮን አሻግሯል። በኛ ወገን ቤልጅጎች ያሠለጠኑት ክቡር ዘበኛ አለ፤ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች እጅ ከተከፈተ ገና ብዙም አልቆየም። የቀረው ሠራዊት እንደ ዓድዋው ጊዜ ነጋሪት ተጎስሞለት፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ከየጌታው ጋር የከተተ ነው። አውሮፕላኖቻችን በጣት የሚቆጠሩ፣ ለውጊያም የማይሆኑ ነበሩ። ኃያላኑ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው መከሩ፤ እገዳው የጎዳው ግን የራሱ ፋብሪካ የሌለውን ብቻ ነው።

ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ ደግሞ፣ መጀመሪያ ተከዜ አካባቢ፣ የሰናፍጭ ጋዝ መዝነብ ያዘ። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ላለመዋጋት ጄኔቫ ላይ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች። ጋዙ ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ ወታደር ረግጦት ያልፋል፣ ከዚያም እግሩ ይላጣል። ጀግንነት ለዚህ መልስ የለውም። ከጋዙ ያነሰ የሚወራለት ሌላ ጉዳትም ነበር፦ የኛን የራዲዮ መልእክት ጣሊያኖች ጠልፈው ያነቡት ነበር። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ሠራዊቱ ሲያጠቃ ጠላት ነቅቶ ነው የጠበቀው።

እንግዲህ ወደ ሐምሌው ጥቃት እንመለስ። ያ ክረምት የሚዛኑን ዘንግ ትንሽ መልሶት ነበር። ከደሴ የሚመጣው መንገድ ጭቃ ውጦታል፤ አዲስ አበባ ያለው የጣሊያኑ አዛዥ የግራዚያኒ ጦር ስንቁን የሚያገኘው በጅቡቲው ባቡር ነው። ከአርበኞቹ መሪዎች እነ አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ከሰላሌ፣ ፍቅረ ማርያም ከምሥራቅ፣ ባልቻ ከዚህ ከጅማ መንገድ በኩል ባንድ ጊዜ ቢገቡ ኖሮ ከተማዋ ትጨነቅ ነበር። ነገር ግን በመካከላቸው የነበረው ራዲዮ የመልእክተኛ እግር ነው፤ ወንዞቹም ሞልተዋል። አንዱ ሲገባ ሌላው አልደረሰም። መትረየስ የያዘው ጣሊያን በየተራ መከታቸው። በማግስቱ ከአርበኞቹ ጎን የቆሙት ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ተረሸኑ። ባልቻም 1929 ከገባ ብዙ ሳይቆይ ከጠላት ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

ካርታ ላይ ጦርነቱ እዚህ ያበቃ ይመስላል። ይሁንና ሚዛኑ ቀስ በቀስ የተገለበጠው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ምልክት እንዲያውም ከሐምሌው ጥቃት በፊት፣ በሰኔ፣ ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ታይቶ ነበር። የጣሊያን አየር ኃይል ጄኔራል ማሊዮኮ ከጓዶቻቸው ጋር በአውሮፕላን መጥተው አረፉ፤ የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሌሊት ደርሰው ጄኔራሉንና አብዛኞቹን ጓዶቻቸውን ገደሉ፣ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ አብረዋቸው የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። ሰማዩን የያዘ ጦር መሬት ሲወርድ እንደማንም ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጣሊያን የያዘችው በምሽግ የታሰሩ ከተሞችንና መንገዶችን ነው፤ መንገድ ደግሞ ቀን ቀን ብቻ ነው የሚያዘው። አርበኛው ስንቁ ከገበሬው ቤት፣ ወሬው ከውስጥ አርበኛው፣ ጥይቱ ከጠላት ነው። የጅማ መንገድን የሚያዋስነው አገር የአርበኛው የገረሱ ዱኪ ሆነ፤ በአምቦ በኩል ጃገማ ኬሎ ገና አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሳሉ ጫካ ገቡ። ጠባቂ ምሽግ በበዛ ቁጥር ከጣሊያን ጦር ለዘመቻ የሚተርፈው እያነሰ ሄደ። የግማሽ ሚሊዮኑ ጦር አቅም ባክኖ ያለቀው እንዲህ ነው።

በሰኔ 1933 ጅማ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ የገረሱ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጎን ነበሩ፤ ብዙዎቹ የያዙትም የጣሊያን ጠመንጃ ነበር።